የሊዛርዶ ዳይፐር ከደመና በላይ

ከወንዝ ዳሯ ከተማችን ከኢኪቶስ ወደ ዋና ከተማው ወደ ሊማ የሚወስድ የመኪና መንገድ የለም። ያለው ወንዝና ሰማይ ነው። በወንዙ የሚሄደው ጊዜ የተረፈው ሰው ነው፤ በመርከቡ ወለል ላይ የመረብ አልጋውን አንጠልጥሎ፣ ከጎረቤቱ ጋር እየተጫወተና እየተኛ፣ ቀኑን ሳይቆጥር ይደርሳል። እኔም በጉብዝናዬ ዘመን እንዲሁ ስመላለስ ኖሬያለሁ። ባለፈው የዝናብ ወር ግን የዓይን ሐኪም ቀጥሮኝ ስለነበር በአውሮፕላን መሄድ ግድ ሆነብኝ።

ኤድሚራ ፒኔዶ እባላለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ በአንድ የሴቶች ትምህርት ቤት ንጽሕናና የቤት አያያዝ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ጡረታ የወጣሁት እኔ ነኝ እንጂ አመሌ አይደለም፤ ያልታጠበ እጅ ባየሁ ቁጥር ዝም ማለት ያቅተኛል። ይህን የምጽፈውም በዚሁ አመሌ ነው። ጉዳዩ የሕፃን ዳይፐር ነው። "ይህም ጉዳይ ሆኖ ይጻፋል?" የሚል አንባቢ ቢኖር፣ ሕፃን ካቀፈች እናት አጠገብ ተቀምጦ በሮ አያውቅም ማለት ነው።

የዚያን ዕለት ጠዋት ዝናቡ አላስነሣ ብሎ አውሮፕላኑ ዘገየ። በመጠበቂያው አዳራሽ ባዶ ወንበር ፍለጋ ስንከራተት፣ አንዲት ሸምገል ያሉ ሴት ቅርጫታቸውን ከወንበር ላይ አነሡና "እዚህ ይቀመጡ፣ መምህርት" አሉኝ። እንዴት እንዳወቁኝ ብጠይቃቸው፣ ታላቋን ልጃቸውን አስተምሬያት ኖሯል። "እስካሁን ድስት ባጠበች ቁጥር እርስዎን ታነሣለች" አሉኝ። በምርቃት ይሁን በእርግማን እንደምታነሣኝ ግን አልነገሩኝም።

ዶኛ፣ ማለትም ወይዘሮ፣ ኦቲሊያ አሁዋናሪ ይባላሉ፤ ከኢኪቶስ ብዙ የማትርቀው የናውታ ከተማ ሰው ናቸው። አጠገባቸው ትንሿ ልጃቸው ኬይላ የዘጠኝ ወር ወንድ ልጇን ታቅፋ ተቀምጣለች። ልጁ በሟቹ አያቱ ስም ሊዛርዶ ተብሏል። ከቡዳ እንዲጠብቀው የቀይ ፍሬ አምባር በእጁ ታስሮለታል፤ ጉንጩ ሙሉ ነው፣ ያየውን ሰው ሁሉ እየሳቀ ይቀበላል።

የቤተሰቡን ነገር ዝናቡን ስንጠብቅ ሰማሁ። ኬይላ ሊማ ውስጥ ነርስነት ትማራለች፣ ባሏ ገበያ ውስጥ ፍራፍሬ ይሸጣል። ልጁ ጡት ሳይጠግብ ሁለቱም ጊዜ አጡና፣ በእኛ አገር እንደተለመደው አያቱ ወስደው ማሳደግ ጀመሩ። አሁን ኬይላ ትምህርቷን ወደ ማታ አዛውራ፣ ባሏም ከሥራ በጊዜ እየገባ ሊያግዛት ተስማምቶ፣ "ልጄን መልሺልኝ" ብላ መጣች። ዶኛ ኦቲሊያ እሺም እምቢም አላሉም። አብረው ሄደው አያያዟን ሊያዩ፣ ካልጣማቸው ልጁን ይዘው ሊመለሱ ወስነዋል። የመመለሻ ትኬት የቆረጡት ለራሳቸው ብቻ አልነበረም፤ ለሊዛርዶም ጭምር ነበር።

ይህን ሁሉ ሲያጫውቱኝ ኬይላ ቀና ብላ አላየችኝም። የልጁን ካልሲ ብቻ ደጋግማ ታስተካክል ነበር። ልጅቷ ፈተና ላይ መሆኗ ያን ጊዜ ገባኝ፤ ፈታኟ ደግሞ የገዛ እናቷ ናቸው። አንጀቴን በላችው።

ከመሳፈራችን በፊት ልጁን መጸዳጃ ቤት ወስዳ ዳይፐሩን ብትቀይርለት መልካም እንደሆነ ነገርኳት፤ እዚያ ሰፊ ጠረጴዛና በቂ ውኃ አለና። ኬይላ በጣቷ ዳበስ አድርጋ ደረቅ ነው አለች። ዶኛ ኦቲሊያ በበኩላቸው ደረቅን ልጅ መግለጥ ብርድ ማስገባት ነው ብለው ደገፏት። በዚህ ጉዞ እናትና ልጅ መጀመሪያ የተስማሙት በስሕተት ላይ ነበር።

አውሮፕላኑ ውስጥ ስንገባ መቀመጫችን አንድ ረድፍ ሆነ፤ እሳቸው በመስኮት፣ ኬይላ ከነልጇ መሐል፣ እኔ በመተላለፊያው በኩል። ዶኛ ኦቲሊያ ቅርጫታቸውን እግራቸው ሥር አስገቡ። ውስጡ ለአማቻቸው ያዘጋጁት ሁዋኔ ነበር፤ ሩዝና ዶሮ በሰፊው የቢጃኦ ቅጠል ተጠቅልሎ፣ በክር ታስሮ። ገና ሳይነጋ ተነሥተው እንደቀቀሉት ነገሩኝ። ትርፍ ቅጠልም ይዘዋል፤ ሊማ ሰው ቅጠል አጥቶ በፌስታል ይጠቀልላል ሲባል ሰምተው በጣም አዝነዋል።

ከተነሣን በኋላ የቀበቶው መብራት ጠፋ። ብዙም ሳይቆይ ሊዛርዶ መጫወቱን ተወ። ፊቱ ቀላ፣ ዓይኑም አንድ ቦታ ላይ ተተከለ። ልጅ ያሳደገ ሁሉ የሚያውቀው ዝምታ ነው። ከዝምታው ቀጥሎ ሽታው መጣ።

ኬይላ ወደ እናቷ ዘንበል ብላ "ሊማ እስክንደርስ ይቆይ" አለች።

"ይቆይ? ምኑ ነው የሚቆየው? ቂጡ ገና አሁን ነው የዳነለት" አሉ ዶኛ ኦቲሊያ።

"እማዬ፣ ይሄን ሁሉ ሰው አልፌ ይዤው ልሂድ? ሁሉም አፍንጫውን ይዞ ነው የሚያየኝ።"

"ማን ሂጂ አለሽ? እዚሁ እቀይረዋለሁ።" ይህን እያሉ ከፊታቸው ያለችውን ታጣፊ ጠረጴዛ ዘረጉ።

ኬይላ ጠረጴዛዋ ላይ እጇን ጫነች። "እዚህማ አይሆንም። ሰው የሚበላበት ነው። ኋላ መጸዳጃው ውስጥ ለሕፃን ተብሎ የተሠራ ጠረጴዛ አለ።"

"እዚያ? ያ ነገር ሲጮህ ሰምተሽው ታውቂያለሽ? የእኅትሽ ልጅ ክርስትና ጊዜ በአውሮፕላን ስሄድ የውኃውን ቁልፍ ብጫነው ሆድ ዕቃዬን ይዞብኝ ሊሄድ ነበር። እኔን እንዲህ ያደረገ ይሄን ሕፃን ምን ያደርገዋል? ይደነግጣል። ከደነገጠ ነፍሱ ሸሽታ ትቀራለች። መሬት ላይ ቢሆን የደነገጠበት ቦታ ሄጄ፣ ስሙን ጠርቼ እመልሳታለሁ። ደመና ላይ ብትቀር ማን ሄዶ ይጠራታል?"

ከመተላለፊያው ማዶ የተቀመጠ የሊማ ሰው ሳቀ። ኬይላ በእፍረት አንገቷን ደፋች። እኔ ግን አልሳቅሁም። ልጅ ሳለሁ ከወንዝ ዳር ወድቄ ደንግጬ፣ እናቴ ስሜን እየጠራች ስትመልሰኝ አስታውሳለሁ። የዳንኩት በጥሪው ይሁን በእናቴ ድምፅ አላውቅም፤ ብቻ ድኛለሁ። በዚህ የሚስቅ ሰው አይጥመኝም።

ግን ዝምም አላልኩም። ሁለታችሁም ግማሽ ግማሽ ተሳስታችኋል ብዬ ጀመርኩ። ለኬይላ፣ የሰው ዓይን ፈርቶ ልጁን በእርጥበት ማቆየት ከሁሉ የከፋ መሆኑን፣ ይህንንም ነርስነት የምትማር ሴት ከእኔ መስማት እንደሌለባት ነገርኳት። ሽታው የሚያስቀይመው ተሳፋሪ አንድ ጊዜ አፍንጫውን ይይዝና ይረሳዋል፤ የቆሰለው ቂጥ ግን ሌሊቱን ሙሉ ያስለቅሳል። ቀጥዬ ስለ ጠረጴዛዋ ልናገር ወደ ዶኛ ኦቲሊያ ዞርኩ። እኔ ንግግሬን ሳልጨርስ እሳቸው ልጁን ጨርሰውት ነበር። ነጠላ ጨርቅ ዘርግተው፣ በአንድ እጅ ሁለቱን እግሮች ይዘው፣ ጠርገውና አልብሰው አንሥተውታል። ቅልጥፍናቸውን መካድ አልችልም። ያነጠፉትን ጨርቅ አጣጥፈው በእሱው ጠረጴዛዋን ሲጠርጉ ግን አላስቻለኝም።

"ዶኛ ኦቲሊያ" አልኳቸው፣ "በመርከብ ሲሄዱ፣ ወጥ ቤቱ ዓሣ የሚከትፍበት ጣውላ ላይ ልጅ ይቀይራሉ?"

"ምነው፣ አብጃለሁ? ምግብ የሚሠራበትን!"

"ይህስ ምንድን ነው?"

"ይሄ የኔው ጉልበት ላይ የወረደች ጣውላ ናት። ከኔ በቀር ማን ይበላባታል?"

"ዛሬ ጠዋት ከእርስዎ በፊት የተቀመጠ ሰው ነበር። እኛ ስንወርድ ደግሞ ሌላ ይቀመጣል። ምናልባት ልጅ ያቀፈች እናት ትሆናለች፤ ልጁ ብስኩቱን ጠረጴዛዋ ላይ ይጥልና አንሥቶ ወደ አፉ ይከታል። ያ ሕፃን ሊዛርዶ ቢሆንስ?"

ዶኛ ኦቲሊያ ጠረጴዛዋን አዩ። መልሰው አጠፏት። "ጠርጌዋለሁ" አሉ፣ ድምፃቸው ግን እንደ መጀመሪያው አልነበረም።

ኬይላ አንድ ፌስታል ከፍታ እጇን ዘረጋች። የቆሸሸውን ዳይፐር ቋጥራ መጸዳጃው ውስጥ ካለው ቆሻሻ መጣያ ልትጥለው ነው። እናትየው ዳይፐሩን ወደ ራሳቸው ሳቡት።

"ቆሻሻቸውን ያቃጥሉታል" አሉ። "የልጅ ዓይነ ምድር ሲቃጠል ልጁም አብሮ ይቃጠላል። ቂጡ እሳት ይሆናል፣ ሆዱ ይታመማል። አልሰጥም።"

"እና ምን ልታደርጊው ነው?"

"ሊማ ወስጄ እቀብረዋለሁ። ቤታችን ጓሮ እንደማደርገው።"

"እማዬ፣ እኛ የምንኖረው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ወጥ ቤቱ ውስጥ ነው የምትቀብሪው?"

ዶኛ ኦቲሊያ ከትርፉ ቅጠል አንዱን ዘርግተው ዳይፐሩን ጠቀለሉ፣ በክር አሠሩ። የሚበላም የሚቀበርም ነገር ሁሉ በቅጠል ካልተጠቀለለ አያምራቸውም። ከቅርጫቱ በአንድ ጥግ፣ ከሁዋኔዎቹ ለብቻ አድርገው አስቀመጡት። "ተለይቷል" አሉኝ፣ ዓይኔን አይተው። ኬይላ ፌስታሉን አጣጥፋ ወደ ቦርሳዋ መለሰችና ፊቷን ወደ ፊት አዞረች። እኔም መናገር የፈለግሁት ብዙ ነበር፤ ነገር ግን የእሷን ፊት ሳይ ተውኩት። እናቷን ብትጫን ልጇን የምታጣ እየመሰላት ነበር።

ተራሮቹ ላይ ስንደርስ አውሮፕላኑ መናወጥ ጀመረ። የቀበቶው መብራት በራ፣ አስተናጋጆቹም ጋሪያቸውን መልሰው ተቀመጡ። ቅርጫቱ እግራችን ሥር ወዲያና ወዲህ ተንሸራተተ፤ ሊዛርዶ እንደ ጨዋታ ቆጥሮት በሳቅ ፈነዳ። ሲረጋጋ ዶኛ ኦቲሊያ ጎንበስ ብለው ቅርጫታቸውን ወደ ቦታው ሳቡ።

ከዚያም እንደ ጨዋ ሰው ማድረግ የሚገባቸውን አደረጉ። እንግዳ አስቀይመዋል፤ እንግዳ የሚታረቀው በምግብ ነው። ከቅርጫታቸው አንድ ጥቅል አውጥተው በሁለት እጃቸው አቀረቡልኝ። "ቁርስ አልበሉም፣ መምህርት። የኔን እጅ ይቅመሱ። ለአማቼ የቀረው ይበቃዋል።"

እውነት ለመናገር ርቦኝ ነበር። ጥቅሉ ሞቅ ብሎኛል፣ ለስላሳም ነው፤ ሁዋኔ እንዲህ ነው። ጠረጴዛዬን ዘርግቼ ክሩን ፈታሁ፣ ቅጠሉን ገለጥኩ።

ሁዋኔ አልነበረም።

ቅጠሉን መልሼ ከደንኩና እንዲያው እጄን አንከርፍፌ ተቀመጥኩ። የማዶው የሊማ ሰው እንኳ በዚህ ጊዜ አልሳቀም። ዶኛ ኦቲሊያ መጀመሪያ አልገባቸውም፤ ሽታው ሲደርሳቸው ግን የሻርፓቸውን ጫፍ ወደ አፋቸው ወሰዱ።

"በገዛ እጄ" አሉ። "ለእንግዳዬ።"

በናውታና በኢኪቶስ በእጃቸው ጣዕም የታወቁ ሴት ናቸው። ለሠርግም ለልቅሶም "ኦቲሊያን ጥሩ" የሚባልላቸው ሰው፣ ለመምህርት ኤድሚራ የልጅ ቆሻሻ ጠቅልለው አቀረቡ። ወሬው ሊማ ላይ ባይደርስ ናውታ መድረሱ እንደማይቀር ከፊታቸው አነበብኩ።

ኬይላ በዚህ ሰዓት መናገር ትችል ነበር። "አላልኩሽም?" ለማለት ከዚህ የተሻለ ቀን አይገኝም፤ እኔ ብሆን አላልፈውም ነበር። እሷ ግን ሊዛርዶን ለእናቷ አቀበለች። ያን ፌስታል አወጣች፣ ጥቅሉን ከፊቴ አንሥታ ከተተችበት፣ አፉን ጠብቅ አድርጋ ቋጠረችው። በእርጥብ ሶፍት እጄን ጠረገችልኝ፣ በሌላው ጠረጴዛዬን፣ ከዚያም እናቷ አጥፈዋት የነበረችውን ጠረጴዛ ዘርግታ እንደገና ጠረገች። ሁሉንም ስትጨርስ መልሳ ቁጭ አለች።

"ሁዋኔዎቹ ይጣሉ" አሉ ዶኛ ኦቲሊያ ቀስ ብለው። "ከዚያ ጋር አብረው ተገለባብጠዋል። ለሰው አልሰጥም።"

"ይጣሉ፣ እማዬ" አለች ኬይላ። እናቷን ሳታይም፣ "አንድ ነገር ልንገርሽ፣ አትቆጪኝ" አለች። "ከመጣሁ ጀምሮ የሱን ዳይፐር አንቺ ገበያ ስትሄጂ ለቆሻሻ መኪናው ነው የምሰጠው። የቀበርሽውንማ ውሻው እየቆፈረ ደጃፉ ላይ ሲዘረጋው አየሁ። ፕላስቲክ ነው፤ አፈር አይበላውም። መኪናው የወሰደውን ከከተማ ውጭ ያቃጥሉታል። ተቃጥሏል እንግዲህ።"

ዶኛ ኦቲሊያ ቀና አሉ። "ሁሉንም?"

"ሁሉንም። ቂጡ የዳነውም በነዚሁ ቀናት ነው። ያቆሰለው እርጥበት ነው እንጂ እሳት አይደለም። ቶሎ ቶሎ ስቀይረው ዳነ።"

"የዳነው በኔ ቅባት መስሎኝ ነበር።"

"ቅባትሽም ረድቶታል" አለች ኬይላ። ይህን ያለችው ለማስደሰት ይሁን አምናበት ለይቼ አላወቅሁም፤ መልካም ነርስ እንደሚወጣት ግን ያን ጊዜ አመንኩ።

አያትየው ልጁን አገላብጠው አዩት። የሚያዩት ፊቱን ሳይሆን እስካሁን ያሰቡትን ሁሉ ይመስል ነበር። በመካከሉ ሊዛርዶ እንደገና ዝም አለ፤ ፊቱ ቀላ፣ ዓይኑ ተተከለ። ሦስታችንም እርስ በርስ ተያየን። ጠዋት አዳራሹ ውስጥ ሙዝ ሲበላ አይቼው ነበርና አልገረመኝም።

በዚህ ጊዜ ኬይላ አልጠበቀችም። ከትልቁ ቦርሳዋ የሚያስፈልጋትን ብቻ ለየች፤ አንድ ንጹሕ ዳይፐር፣ እርጥብ ሶፍት፣ የሚነጠፍ ጨርቅ፣ ፌስታል። ትልቁን ቦርሳ ተወችው፤ ያ ቦታ ለእሷና ለልጁም አይበቃም። ከዚያ ወደ እናቷ ዞረች።

"እማዬ፣ ነይ አብረሽኝ። በሩ ላይ ቁሚ። እሱ እዚያ እያለ ቁልፉን አልጫነውም፤ አይጮህም። ስሙንም መጥራት ከፈለግሽ ጥሪው።"

ዶኛ ኦቲሊያ ልጃቸውን ትክ ብለው አዩዋት። ስለ ነፍስ የተናገሩትን አልሳቀችበትም፣ አልካደችውምም፤ ቦታ ሰጠችው። ሻርፓቸውን አስተካክለው ተነሡ። እኔም ተነሥቼ አሳለፍኳቸው፤ ቀጥሎም ተከተልኳቸው። ማን ጥሪ እንዳቀረበልኝ አልጠይቁኝ፤ ፈተና ባለበት መምህር አይጠፋም።

ኬይላ የፈራችው የሰው ዓይን የት እንደገባ አላውቅም። ግማሹ ተሳፋሪ ተኝቷል፣ ግማሹ ስልኩን ያያል። የማዶው የሊማ ሰው እግሩን ሰብስቦ አሳለፋት፤ "እኔም ሦስት አሳድጌያለሁ" አላት። አስተናጋጆቹ ጋሪውን እየገፉ ስለነበር እስኪያልፍ ቆመን ጠበቅን፤ ምግብ በሚታደልበት መሐል ፌስታል ይዞ መጋፋት ነውር ነው። ጋሪው ሲያልፍ አንዷ አስተናጋጅ ጠረጴዛ ያለው የትኛው መጸዳጃ እንደሆነ በአገጯ አሳየችን።

ጠረጴዛው ከግድግዳው ወደ ታች የሚወርድ ነው። ኬይላ ጨርቋን አነጠፈችበት፣ ልጁን አጋደመችው፣ አንድ እጇን ከደረቱ ላይ ሳታነሣ በሌላው ሠራች። ዶኛ ኦቲሊያ በሩን በትከሻቸው ደግፈው ቆመው "ሊዛርዶ፣ ሊዛርዲቶ፣ እዚህ ነኝ" ይሉታል፤ እሱም እየሳቀ የሳሙናውን ዕቃ ሊይዝ ይንጠራራል። የሸሸች ነፍስ ምልክት አላየሁበትም። የቆሸሸው ፌስታል ተቋጥሮ ወደ መጣያው ገባ። ሽንት ቤቱ ጉድጓድ ውስጥ አልተጣለም፤ ያ ቢደረግ ተዘግቶ ተሳፋሪው ሁሉ በተቸገረ ነበር። ጠረጴዛው ተጠርጎ ወደ ቦታው ታጠፈ። ልጁን ለአያቱ አቀብላ እጇን በሳሙና ታጠበች።

ስትወጣ ዶኛ ኦቲሊያ እጇን ያዙና ወደ አፍንጫቸው አቀረቡት። አሸተቱት። ከዚያ ልጁን መልሰው ሰጧትና፣ እጃቸውን ሊታጠቡ እሳቸው ደግሞ ገቡ።

ወደ መቀመጫችን ስንመለስ ከፊታችን ሁለት ረድፍ ላይ አንዲት ወጣት እናት ሴት ልጇን ባዶው መቀመጫ ላይ አጋድማ ሱሪዋን ማውለቅ ጀምራለች። አፌን ልከፍት ስል ዶኛ ኦቲሊያ ቀደሙኝ።

"የኔ ልጅ፣ እዚያ አትቀይሪያት" አሏት። "ኋላ ጠረጴዛ አለ፤ ይወርዳል። ጨርቅ ከሥር አንጥፊ። ፌስታል አለሽ? ኬይላ፣ አንድ ፌስታል ስጫት። ቋጥረሽ መጣያው ውስጥ ነው የምትጥይው፤ ለአስተናጋጇ በእጇ አትስጫት፣ በዚያ እጇ ምግብ ታቀርባለች። ቅርጫትሽ ውስጥም እንዳታስቀምጪው፣ በተለይ ቅርጫትሽ ውስጥ። ልጅቷ ቶሎ ከደረቀች አትቆስልም፣ ሌሊት ታስተኛሻለች። ቀጥሎ እዚህ የሚቀመጠውም ሰው ያመሰግንሻል። እና የሽንት ቤቱን ውኃ ልጅቷ ሳትወጣ እንዳትለቂው፤ ይጮሃል።"

ወጣቷ እናት ከልጇ ጋር ተነሣች። ዶኛ ኦቲሊያ ቁጭ ሲሉ ወደ እኔ ዞረው "አጠፋሁ እንዴ?" አሉኝ። ከእኔ የተሻለ እንዳስተማሩ ነገርኳቸው፤ አጠር አድርገው ተናግረዋልና። ከእሳቸው ቃል የምጨምረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከመሳፈርሽ በፊት፣ ደረቅ ነው ብትዪም እንኳ፣ ልጅሽን መሬት ላይ ቀይሪው። እኛ ይህን ብናደርግ ኖሮ ግማሹ ጭንቀት ባልመጣብን ነበር።

ሊማ ስንወርድ ሰማዩ እንደ ወትሮው ደመናማ ነበር። ሻንጣቸውን ሲጠብቁ ዶኛ ኦቲሊያ ቅርጫታቸውን ይዘው ከጥግ ወዳለው ትልቅ ቆሻሻ መጣያ ሄዱ። ሁዋኔዎቹን አንድ በአንድ ጣሉ፤ እያንዳንዱን ሲጥሉ ያማቸው እንደነበር ከርቀት ይታያል። ትርፉን ቅጠል ግን አስቀሩት፤ አማቻቸውን ሊማ ገበያ ሩዝና ዶሮ አስገዝተው ሊሠሩለት ነው።

ሲመለሱ መስታወቱ ማዶ ኬይላን የሚጠብቀው ባሏ ቆሞ እጁን ሲያወዛውዝ አዩ። ሊዛርዶ በእናቱ ትከሻ ላይ ነበር። አያትየው ጠጋ ብለው ጀርባውን ዳሰሱ፣ እምብዛም በማይሰማ ድምፅም "ሊዛርዶ፣ ና፣ ደርሰናል" አሉት። ከመንገድ የቀረች ነፍስ ብትኖር እንድትሰማ ነው። ልጁ ዞሮ አያቸው።

"ኬይላ" አሉ ዶኛ ኦቲሊያ፣ "በስልክሽ ትኬት ይቀየራል አላልሽኝም?"

ኬይላ እርምጃዋን ገታች። ልጁን አጥብቃ እንደያዘችው አየሁ። "ይቀየራል፣ እማዬ" አለች።

"እንግዲያው የመመለሻውን ለኔ ብቻ አድርጊው።"